90 በ190፦ የዶርም ኑሮ በጎንደር

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሲወጣ ማስታወቂያው ሥር የማትቀር አንዲት መስመር አለች፦ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከዚያ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ። ቤተሰብ ይህችን መስመር ሲያነብ ሙሽራ የሚሸኝ ይመስለዋል። ሻንጣው ላይ ማዳበሪያ፣ ማዳበሪያው ላይ ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ ሳፋ ይጫናል፤ ምንጣፍ የሚያስጭንም አለ። ዕቃው ጎንደር ሲደርስ ግማሹ ማስቀመጫ ያጣል።

ማስቀመጫ የሚጠፋው ክፍሉ ስለጠበበ ብቻ አይደለም። ዶርም ውስጥ የተማሪው የግሉ የሚባለው ቦታ አንድ አልጋ ነው፤ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 190 ሳንቲ ሜትር ገደማ። መኝታውም፣ መቀመጫውም፣ ፈተና ሲደርስ ጠረጴዛውም እሱ ነው። የቀረው ወለሉም፣ መስኮቱም፣ ሶኬቱም የጋራ ነው። ስለዚህ ብር መውጣት ያለበት ከአልጋው ጀምሮ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጋረጃና ባለ ቀለም መብራት የገዛ ሰው ኅዳር ላይ ጋቢ ለመበደር ጓደኛ ሲያስቸግር ይገኛል።

ከቤት የሚመጣውና ጎንደር የሚገዛው መለየት አለበት። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ባዶ ባልዲ ማመላለስ አየር መጫን ነው። ፕላስቲክ የሆነ ነገር ሁሉ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጎንደር ገበያዎች ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያም አራዳም፣ ሞልቷል። ከቤት መምጣት ያለበት ጨርቁና ስንቁ ነው፤ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ በሶና ቆሎ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የሚለወጥን ነገር ጽፎ ማስቀመጥ አንባቢን ከነጋዴ ጋር ማጣላት ነው። የግዢው ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም፦ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ጀሪካን፣ ከዚያ የፍራሽ ልብስ፣ ከዚያ ባልዲና ጆግ። ሌላው ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሳምንት ካደሩ በኋላ ይታያል።

ቁልፍ የቀደመው ያለምክንያት አይደለም። ዕቃው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ማን የክፍሉ ሰው፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ገና አልተለየም። ጓጉንቸር ቁልፍ ከመግዛታችሁ በፊት የሎከሩን፣ ማለትም የዕቃ ሣጥኑን፣ ጆሮ እዩት፤ ቁልፉ የሚንጠለጠልበት ብረት ነው። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ወፍራሙ ቁልፍ አይገባም፤ ተማሪው ተመልሶ የሚገዛው ቀጭን ደግሞ በአንድ ጥምዘዛ ይከፈታል። እርሳስ አስገብቶ መሞከር ይበቃል፤ እርሳስ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው እሱ ከገባ የተለመደው መካከለኛ ቁልፍ ይገባል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ፦ ሌባ ቁልፉን አይሰብርም፣ ጆሮውን ነው የሚነቅለው። የእንጨት ሎከር ላይ ጆሮው በሁለት አጫጭር ቪስ ብቻ ተይዞ ከሆነ ቁልፉ የጌጥ ነው። ቪሶቹን አውጥቶ በዚያው ቀዳዳ ከበሩ ወደ ውስጥ የሚያልፍ ብሎን አስገብቶ ከውስጥ በዳዶ ማሰር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ግን መጀመሪያ ፕሮክተሩን (የዶርሙን ተቆጣጣሪ) ማስፈቀድ ይገባል፤ ሎከሩ የግቢው ንብረት ነው። ትርፉን ቁልፍ እዚያው ሎከር ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ሌላ ብሎክ ያለ የታመነ ጓደኛ ጋር ይሁን።

ወደ አልጋው እንመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። ቀን ፀሐይዋ ታታልላለች፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ከመተማ ወይም ከአፋር ለመጣ ልጅ ይህ ቀልድ አይደለም። ብርድ ሲመጣ ሁሉም ሰው ከላይ መደረብ ይጀምራል። በጊዜ ብዛት የሳሳ ፍራሽ ግን የሰውነት ክብደት ሲያርፍበት ይጨፈለቅና ቅዝቃዜውን ከብረቱ ወደ ጀርባ ያሳልፋል። ሁለት ብርድ ልብስ ካለ አንዱ ከሥር ይነጠፍ፣ አንዱ ከላይ ይሁን፤ ከላይኛው ጋር ጋቢ ሲደረብ ይበቃል። ፍራሹ መሐሉ ጎድጉዶ ከሆነ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት፤ በወር አንዴ ማገላበጥ ጉድጓዱን ያዘገየዋል። ከፍራሹና ከብረቱ መካከል ካርቶን ማንጠፍ የተለመደ ነው፤ አይመከርም፣ ምክንያቱ ትኋን ላይ ስንደርስ ይመጣል። በካርቶን ፋንታ ታጥቦ የደረቀ ማዳበሪያ ሁለት እጥፍ አድርጎ ማንጠፍ ብረቱ ስፖንጁን እንዳይበላው ያደርጋል።

አዲስ ፍራሽ ለመግዛት የተገደደ ሰው ደግሞ በእጅ ተጭኖ ብቻ አይግዛ። አዲስ ነገር ሁሉ ሲጫኑት ይመለሳል። ሚዛን ነው የማይዋሸው። ወርዱ 90፣ ቁመቱ 190፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ፣ በሜትር ኪዩብ 20 ኪሎ የሚመዝን ዓይነት ከሆነ ክብደቱ 3 ኪሎ ከግማሽ ይጠጋል፤ 25 ኪሎ ዓይነት ከሆነ 4 ኪሎ ከሩብ ያህል። ከ3 ኪሎ በታች የወረደው እስከ ፋሲካ እንኳ ቅርጹን ይዞ አይቆይም። የሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን ላይ ፍራሽ መስቀል ያስቃል፤ ይሳቅ።

አሁን የፍራሽ ልብሱ። ተማሪው አንሶላ ይገዛል እንጂ ፍራሹን ሙሉ በሙሉ የሚያለብስ ባለ ዚፕ ከረጢት አያሰፋም፤ ከሚወጣው ብር ጋር ሲነጻጸር ይህን ያህል የሚጠቅም ዕቃ ዶርም ውስጥ የለም። የሚያስፈልገው ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዴ 4 ሜትር ተኩል ነው። መጀመሪያ ይታጠብና ይድረቅ፤ አቡጀዴ ሳይታጠብ ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ፍራሹን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል። ከዚያ ቁመቱ 204፣ ወርዱ 104 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ፤ ይህ ለ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲሆን 4ቱ ሳንቲ ሜትር ለስፌት ነው። ሦስቱ ጎን ይሰፋል፣ አንዱ አጭር ጎን ላይ ዚፕ ይገባል። ዚፑ ጫፉ ላይ ሲዘጋ ክፍተት እንዳይተው ልብስ ሰፊውን አደራ በሉት፤ የ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለትኋን የከተማ በር ነው። ከጎን የሚተርፈው 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ረጅም ቁራጭ አይጣል፤ ሁለት የትራስ ልብስ ይወጣዋል፣ ከዚያም የሚተርፈው ሎከር በር ላይ የሚሰቀል ባለ ኪስ ጨርቅ ይሆናል። ቀለሙ ነጭ ወይም ፈዛዛ ይሁን። «ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም» የሚለው ምክር ለሱሪ ነው፤ አልጋ ላይ ግን ቆሻሻው እንዲታይ ነው የምንፈልገው።

ትኋን እንግዲህ። ስሙን ለመጥራት የሚያፍር ብዙ ነው፤ እንደ ድህነት ወይም እንደ ቆሻሻነት ይቆጠራል። ትኋን ግን ንጽሕና አይመርጥም፤ የሚፈልገው የተኛ ሰውና ጠባብ ስንጥቅ ነው። ለወራት ሳይበላ መቆየት ስለሚችልም ክረምቱን ባዶ የከረመ ክፍል ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ዕቃ ከማራገፋችሁ በፊት በስልክ መብራት አልጋውን ፈትሹ። የሚታየው ራሱ ትኋኑ ብቻ አይደለም፤ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብና የገለባ ያህል የቀለለ የተገፈፈ ቆዳ ነው። የሚታይበት ቦታ የፍራሹ ስፌት፣ ብረቱ ከብረቱ የሚገናኝበት ብሎን ሥር፣ ክፍት የሆነው የቱቦ አፍና የእንጨት ሎከሩ ጀርባ ነው። ካርቶን ያልመከርኩትም ለዚህ ነው፤ በሁለቱ ወረቀቶቹ መካከል ያለው ሽብሽብ ለእሱ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው።

የሚገድለው ሙቀት ነው። ትኋኑም እንቁላሉም 55 ዲግሪ አይችሉም። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከበቂ በላይ ነው፣ ግን በጆግ ተይዞ ሁለት ፎቅ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በክዳን ተይዞ ይምጣና መጋጠሚያው ላይ በዝግታ፣ በቀጭኑ ይፍሰስ፤ አንዴ ደፍቶ መሄድ ወለሉን ነው የሚያጥበው። የቱቦው አፍ በናስትሮ ይደፈን። አንሶላና ብርድ ልብስ በፍል ውሃ ይዘፍዘፍ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ትኋኑ ወደ ጥላው ጎን ይዞራል። እንቁላል በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚፈለፈል ሥራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ሁለተኛውን ዙር የተወ ሰው መጀመሪያውንም በከንቱ ነው የደከመው። ደግሞ አንድ አልጋ ብቻውን አይጸዳም። የክፍሉ ሰው ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ካልተነሣ ትኋኑ ከአልጋ ወደ አልጋ ነው የሚዘዋወረው።

ከዚያ በኋላ አልጋው ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ የብርድ ልብሱ ጫፍም መሬት አይንካ። የእርሻ መድኃኒት ገዝቶ ክፍል ውስጥ መርጨት ግን ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም፤ ለማሳ የተሠራ መርዝ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሰዋል። ብረቱን በነጭ ጋዝ መቀባትም አይመከርም፤ እሳት የሚጠብቅ አልጋ ላይ መተኛት ብቻ ነው ትርፉ።

ላይኛው አልጋ ይሻላል ወይስ ታችኛው? ክርክሩ አያልቅም። ታችኛው ሥሩ መጋዘን አለው፣ ዙሪያውን በሲባጎና በጨርቅ መጋረድ ይቻላል። ግን በአገራችን ደንብ እንግዳ «ተቀመጥ» ይባላል፣ የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ከግቢ የመጣ ሱሪ ሁሉ አንሶላችሁ ላይ ያርፋል። መፍትሔው ጠብ አይደለም፤ ቀን ቀን የሚነጠፍ፣ ማታ ተጠቅልሎ የሚነሣ አንድ ያረጀ ነጠላ ወይም የአልጋ ልብስ ነው። ላይኛው አልጋ ሰላም አለው፣ ለመብራትም ይቀርባል፤ ብሎኑ ግን በየወሩ ይላላል። አልጋው ሲገላበጡ የሚጮኸው በአብዛኛው ለዚህ ነው። መፍቻ ተውሶ ማጥበቅ ብቻ ነው። የተፈታ ዳዶ ካለ የአልጋው ጩኸት ወደ መውደቅ ሳይደርስ ይተካ።

ውሃ ላይ ጎንደር የኖረ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በፈረቃ ይመጣል፣ አንዳንዴ ፈረቃውም ይረሳል። ለአንድ ሰው 20 ሊትር ለመታጠቢያ፣ 5 ሊትር ለመጠጥ ለየብቻ መያዝ ትንሹ ነው። ክፍላችሁ ፎቅ ላይ ከሆነ ባለ 20 ሊትሩን ተዉትና ሁለት ባለ 10 ግዙ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ሲያዝ ወገብ ያጣምማል፣ በሁለት እጅ ሲከፈል ይመዛዘናል። ደግሞም አንዱ ቢቀደድ አንዱ ይቀራል። የዘይት ጀሪካን ጥሩ ነው፣ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አይለቅም፤ ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ ኦሞና አንድ እፍኝ ንጹሕ ጠጠር ጨምሮ መናጥ፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ ነው። ቀድሞ ምን እንደያዘ የማይታወቅ፣ የኬሚካል ሽታ ያለው ጀሪካን በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ጀሪካኑ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ከዋለ ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል፤ አልጋ ሥር ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። ስም በማርከር መጻፍ አይጸናም፤ የጋለ ምስማር ይሻላል። ጀሪካን የሚበላሸው ደግሞ ተቀዶ አይደለም፣ ክዳኑ ጠፍቶ ነው። ውሃ ሌሊት ሲመጣ ሁሉም በጨለማ ይሯሯጣል፣ ክዳን መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ጧት የለም። አንድ ስንዝር ተኩል ሲባጎ ከክዳኑ አንገት ወደ ጀሪካኑ ጆሮ ማሰር፣ ይኸው ነው።

መብራት ላይ ሒሳቡን ማወቅ ጠብ ያስቀራል። ስድስት የስልክ ቻርጀርና ሦስት ላፕቶፕ አንድ ላይ ቢሰኩ 300 ዋት አካባቢ ነው፤ በ220 ቮልት 1 አምፔር ተኩል እንኳ አይሞላም። ደህና ማከፋፈያ ይችለዋል። 1,500 ዋት የሆነ ምድጃ ግን ብቻውን ወደ 7 አምፔር ይስባል። ገመዱ የክር ያህል የቀጠነ ርካሽ ማከፋፈያ ይህን ሲሸከም ይግላል፤ ገመዱ ፍራሽ ሥር ወይም ተጠቅልሎ ካለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ምድጃ በዶርም የተከለከለው በዚህ ነው፣ ፕሮክተር ከወሰደውም መሟገቻ የለም። ማከፋፈያ ስትመርጡ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ፣ ሶኬቱ ውስጥ ሲሰካ የሚወዛወዘውን መልሱ። ጥቁር የለበሰ ወይም የላስቲክ ሽታ ያለው ሶኬት ካለ አትንኩት፤ ለጥገና ይነገር።

የስንቅ ነገር አጭር ነው። በሶም ቆሎም ዳቦ ቆሎም በፌስታል ከተቀመጠ አይጥ ይጠራል፣ ዳቦ ቆሎውም እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። አፉ የሚጠመዘዝ ባለ 5 ሊትር የፕላስቲክ ዕቃ ሁለት ይበቃል። በሶውን ሙሉ ከረጢት ከመክፈት በሳምንት የሚበላውን ያህል እየቀነሱ ማውጣት ይሻላል፤ ለእናንተ ሳይሆን ለክፍሉ ሰው ስትሉ። ዶርም ውስጥ የተከፈተ በሶ የሁሉም ነው።

ሎከር ውስጥ ወለሉ ላይ የሚደረደር ልብስ አንዱን ለማውጣት ሁሉም ይፈርሳል። ከእንጨት ቤት የሚጣል የቺፑድ ቁራጭ በሎከሩ ወርድ ልክ አስቆርጦ፣ በአራት ጡብ ወይም በወፍራም መጻሕፍት ላይ ማሳረፍ አንድ መደርደሪያ ያስገኛል፤ ምስማር የለው፣ ፕሮክተር አይቆጣ። ያው ሰሌዳ እሑድ ከሰዓት ጭን ላይ ሲደረግ ጠረጴዛ ነው፤ ስለዚህ ጠረጴዛ አትግዙ። ልብስ ተጠቅልሎ በቁም ይደርደር። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ግቢ የሚቆይ ካለ፣ ያልደረቀ ልብስ ሎከር ውስጥ መቆለፍ ሻጋታ ማርባት ነው። ወፍራም ሱሪ ከታጠበ በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ መጭመቅ የማድረቂያውን ጊዜ ያሳጥራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ጧት የተሰጣ ከሰዓት ይደርቃል። የተሰጣ ልብስ እግር ሊያወጣ ስለሚችል መጽሐፍ ይዞ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

የጋራ ዕቃ ላይ አንድ አቋም አለኝ፦ ብር አዋጥቶ መግዛት አይመከርም። መጥረጊያ፣ መወልወያ፣ ማከፋፈያ፣ ካውያ፣ ቆሻሻ መጣያ፤ ስድስት ሰው እኩል አዋጥቶ የገዛው ካውያ ሲቃጠል ማንም አያሠራውም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ስድስቱም ይፈልጉታል። እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ዕቃ ይግዛ፣ ዕቃው የእሱ ይሁን፣ አገልግሎቱ የሁሉም። ዋጋቸው እኩል አይሆንም፤ ርካሹ የደረሰው ሰው ሳሙናና ኦሞ ይጨምርበት። እቁብ ያሳደገው ሕዝብ ይህን ለመስማማት ከአንድ ምሽት በላይ አይፈጅበትም። ደግሞም ግዢው ከጥር በፊት ይለቅ፤ ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ባጃጁም ገበያውም ለተማሪ ኪስ አይመችም።

ከሁሉ የሚረክሰው ገበያ ግን ግቢው ውስጥ ነው። ተመራቂዎች በሚወጡበት ሰሞን ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ማከፋፈያ፣ የቆርቆሮ ሳጥን በሩብ ዋጋ ይሸጣል፣ ብዙው በነጻ ይሰጣል። ብረትና ፕላስቲክ ሳትፈሩ ውሰዱ፤ ከማከፋፈያው በቀር በፍል ውሃ ይታጠባል። ፍራሽ፣ ትራስ፣ ካርቶንና የእንጨት ሳጥን ግን ከማንም ቢሆን አትውሰዱ። ወደ ቤት የምትሄዱም ከሆነ የፍራሹን ልብስ አውልቃችሁ፣ ብርድ ልብሱን አጥባችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ሎከሩን ባዶ አድርጋችሁ በሩን ገርበብ አድርጉት። ጀሪካኑን አድርቃችሁ፣ ክዳኑን ከጆሮው ጋር እንደታሰረ፣ ለሚቆየው ስጡት።